የአያቴ ንቅሳት ከፎቶው ላይ ጠፋ፤ የቆርቆሮ ፎቶ የምታውቁ እርዱኝ

ፒያሳ_ጨለማ_ክፍል • እሑድ ማታ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ቲንታይፕ ከጀመርኩ 8 ወር ሆነኝ። ለማታውቁት፣ ፊልምም ሜሞሪ ካርድም የሌለው የድሮ ፎቶ ነው። ጥቁር የተቀባ ብረት (ፕሌት እንለዋለን) ላይ ኬሚካል ታፈሳለህ፣ እርጥብ እያለ ካሜራ ውስጥ ትከታለህ፣ እርጥብ እያለ ታነሳለህ፣ እርጥብ እያለ ታጥባለህ። ከደረቀ በቃ፣ ጉድ ሆንክ። ከማፍሰሱ እስከ ማጠቡ ያለህ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። ስሙ ቲን ይበል እንጂ ቲን የሚባለው ማዕድን የለበትም፤ የጥንቱ ስስ ብረት ነበር። እኔ የምጠቀመው ዋንጫና ሜዳሊያ ላይ ስም የሚቀርጹበትን ጥቁር አሉሚኒየም ነው። ሰፈር ውስጥ ግን «የቆርቆሮ ፎቶ» ብለውት ቀርቷል፣ እኔም ለመድኩት።

ካሜራውን መርካቶ ያለ አንድ አናጢ ሠራልኝ። ሥዕሉን ሳሳየው «የንብ ቀፎ ነው?» ነበር ያለኝ። ሌንሱ ከአሮጌ ፕሮጀክተር የወጣ የነሐስ ሌንስ ነው። መዝጊያ የለውም፤ ቆቡን አነሳለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ እመልሳለሁ። ጨለማ ክፍሌ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ያለው ግቢያችን ጓሮ የነበረች የማገዶ ቤት ናት። መብራቴ ደግሞ ሶማሌ ተራ የገዛሁት የላዳ የኋላ መብራት፣ ቀዩ ፕላስቲክ፣ ውስጡ ትንሽ አምፖል አስገብቼበት።

ወደ ችግሬ ልምጣ። ትናንት አያቴን አነሳኋት። ጎጃም ነው ያደገችው፣ ግንባሯ ላይ መስቀል አላት፣ አንገቷ ላይ ሦስት ዙር ንቅሳት አላት። ስለ ንቅሳቷ ስታወራ እስከ ዛሬ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ነጭ በነጭ ለብሳ ፀሐይ ላይ ወንበር አወጣንላት፣ 4 ሰከንድ ቆጠርኩ።

ወጣ። ንቅሳቱ የለም! ግንባሯ ባዶ፣ አንገቷ ባዶ። በምትኩ ጉንጯ ላይ ያለው ማዲያት፣ እኔ አብሬያት እየኖርኩ ልብ ብዬው የማላውቀው፣ ቡና የተደፋባት ይመስል ጎልቶ ወጥቷል። ፊቷ ከሚገባው በላይ ጠቁሯል። አፏ ደግሞ ደብዝዟል፣ እሱ እንኳን ጥፋቱ የኔ ነው፣ «እንዳትንቀሳቀሺ» ስላት ፈርታ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረች።

ሳሳያት ብዙ ዝም ብላ አየችውና «ንቅሳቴን የት አደረስከው?» አለችኝ።

ምን ብዬ ልመልስላት? ኬሚካሉ ተበላሽቶብኝ ነው? ሌንሱ ነው?

---

ቆጣቢው • እሑድ ማታ 2፡31

ወንድሜ፣ የድሮ ፎቶ የሚያስመስል አፕ በነፃ ሞልቷል። 2 ሰከንድ አይፈጅም። ንቅሳትም አይበላም።

---

ላዳ_ሰማያዊ • እሑድ ማታ 2፡48

ሃሃሃ፣ እማማን አታስቀይማቸው በእናትህ። እኔንና ላዳዬን ያነሳኸን ቀን ትዝ ይልሃል? ሰማያዊና ነጭ ሆና ሄዳ ሙሉ ነጭ ሆና መጣች። ፎቶውን ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ተሳፋሪው ሁሉ «ሙሽራ የጫንክ ቀን ነው?» ይለኛል። ታርጋዋ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፣ ትራፊክ ቢይዘኝ ምን እንደምል እንጃ።

---

ኬሚስቷ_ከስድስት_ኪሎ • እሑድ ማታ 3፡20

ኬሚካልህ ደህና ነው። ሌንሱም ደህና ነው። የአያትህ ንቅሳትና የዚህ ሰውዬ ላዳ በሽታቸው አንድ ነው።

ኮሎዲዮኑ (ብረቱ ላይ መጀመሪያ የምታፈሰው ፈሳሽ) ውስጥ ያሉት ጨዎች፣ አዮዳይድና ብሮማይድ፣ ፕሌቱ ቀጥሎ ከሚነከርበት ከሲልቨር ናይትሬቱ (የብር ጨው) ጋር ሲገናኙ ብርሃን የሚያይ ነገር ይፈጥራሉ። የሚያየው ግን የኛን ብርሃን አይደለም። ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ለዓይናችን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ብቻ ነው። ቀይ ለእሱ ጨለማ ነው፤ ለዚህ ነው በላዳ መብራት እየሠራህ ፕሌትህ የማይበላሸው። ሰማያዊ ቀለም ደግሞ ለእሱ ነጭ ነው። ላዳዋ ታጠበች!

አሁን ወደ ቆዳ። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን ሰማያዊውንና አልትራቫዮሌቱን በጣም ይውጣል። ስለዚህ ጠይም ፊት ፕሌቱ ላይ ከእውነቱ ጠቁሮ ይወጣል። ማዲያት ሜላኒን የተከማቸበት ቦታ ስለሆነ በዓይን ደብዘዝ ያለው ሁሉ ይጎላል፤ ገና ለዓይን ያልታየውንም ሊያሳይህ ይችላል። ንቅሳቱ ግን በዓይንህ አረንጓዴ የሚል ሰማያዊ ነው አይደል? ሰማያዊውን ትንሽ ይመልሳል፣ በዙሪያው ያለው ቆዳ ደግሞ ይጠቁራል፣ ሁለቱ ይስተካከሉና መስመሩ ይጠፋል።

ባንተ አያት የተጀመረ ነገር አይደለም። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች የፊት ንቅሳትም በዚሁ ዘዴ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ያን የሚያህል ፊት የሚሸፍን ንቅሳት ጠፍቶ የእማማ ሦስት መስመር ቢጠፋ አይገርምም።

አረንጓዴን የሚያይ ፕሌት የመጣው ኋላ ነው። ሄርማን ፎግል የሚባል ጀርመናዊ በ1873 ማቅለሚያ ቢጨመርበት እንደሚያይ ደረሰበት። አንተ የምትሠራው ከዚያ በፊት የነበረውን ነው፣ ሁሉንም ቀለም እኩል እንዲያይልህ አትጠብቅ። (ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው፣ ሌሎቻችሁም ስትጽፉ እንደሱ አድርጉት፣ እንዳንምታታ።)

---

ፒያሳ_ጨለማ_ክፍል • እሑድ ማታ 3፡41

ኡፋ! አመሰግናለሁ፣ ሲልቨሩን ልደፋው ነበር እኮ።

አሁን አንድ ነገር ገባኝ። ባለፈው የጎረቤት ልጅ ባንዲራ ይዞ አንስቼው አረንጓዴውም ቢጫውም ቀዩም ጥቁር ሆኖ ነበር የወጣው። የጥቁር ጨርቅ ባለቤት መሰለ ልጁ። እናቱ ሌላ ነገር እንዳታስብ ብዬ ፕሌቱን ደብቄዋለሁ። የነጠላ ጥለትም እንደዚያው ነው፣ ምን ያህል ቀለም ቢኖረው ጥቁር መስመር ይሆናል።

---

ጋሽ_ማኅደር • ሰኞ ጠዋት 1፡05

እንደምን አደራችሁ ልጆች። እኔ ፒያሳ ፎቶ ቤት 34 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። ይህን ብረት ነክቼው አላውቅም፣ የኛ ሥራ ፊልም ነበር። ነገር ግን ማዲያትን በተመለከተ የምለው አለኝ።

በኛ ጊዜ አንዲት ሴት ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ስትመጣ «ጋሼ፣ ይቺን ነገር አጥፉልኝ» ብላ ጉንጯን ትነካ ነበር። ኔጋቲቩን ከታጠበ በኋላ መስታወት ላይ እናነግሠዋለን፣ ከሥሩ መብራት አለ። ማዲያቱ ኔጋቲቩ ላይ ሳሳ ያለ ቦታ ሆኖ ይታያል። እርሳስ እንደ መርፌ ቀርጸን ያቺን ሳሳ ያለች ቦታ በነጥብ በነጥብ እንሞላታለን። ሲታተም ጉንጯ ጠርቶ ይወጣል። በተቃራኒው ንቅሳት ይጉላልኝ ያለች እንደሆነ በምላጭ ጫፍ ፋቅ፣ በጣም ቀስ ብሎ። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ሴትዮዋን አረድካት።

ልጄ፣ ያንተ ሥራ ላይ ግን ኔጋቲቭ የለም። ፕሌቱ ራሱ ፎቶው ነው። ስለዚህ እርሳሱን የምታሳርፍበት ቦታ የለህም። የምታርመው ካለ ቆቡን ከማንሳትህ በፊት ነው።

---

ሚጣ_ሌንስ • ሰኞ ጠዋት 4፡12

ጋሼ ይህን ስላካፈሉን እግዜር ይስጥልን፣ «አረድካት» የምትለዋ ገደለችኝ።

@ፒያሳ እኔም ልጀምር ፈልጌ ነበር። እንዴት እንደምታደርገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገረኝ እስቲ። ደግሞ አልኮል የሚባለው በካቲካላ አይሆንም? ቫርኒሹንስ በዕጣን?

---

ፒያሳ_ጨለማ_ክፍል • ሰኞ ቀን 7፡30

@ሚጣ በካቲካላ አይሆንም። ውሃው ብዙ ነው፣ ንፁህም አይደለም። ካቲካላውን ለአጎትሽ፣ ዕጣኑን ለቡናው ተዪው። ቫርኒሹ ሳንዳራክ ከሚባል የሰሜን አፍሪካ ዛፍ ሙጫ ነው የሚሠራው፣ አልኮልና የላቬንደር ዘይት ይገባበታል። ሰው ከውጭ ሲመጣ ነው የማስመጣው። ሳይቀባ ከቀረ ምስሉን የሠራው ብር ከጊዜ ብዛት ይጠቁራል።

አሠራሩን ልንገርሽ። ፕሌቱን በግራ እጄ ጣቶች ጫፍ እይዘዋለሁ፣ አስተናጋጅ ትሪ እንደሚይዘው። ኮሎዲዮኑን መሃሉ ላይ አፈሳለሁ። ቀጭን ማር ይመስላል፣ ሽታው የቀዶ ጥገና ክፍል ነው። ከዚያ ወደ አራቱም ጥግ በየተራ አዘነብለዋለሁ፣ የተረፈው በመጨረሻው ጥግ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል። እናቴ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን «ሊጡ ቀጥኗል፣ ዓይን አያወጣም» ነው ያለችው። ዓይን ማውጣት የለበትም ብዬ ማስረዳቱ ራሱ ፈተና ነበር።

ጥጉን ነካ ሳደርገው አሻራ ከያዘ ደርሷል ማለት ነው። ሲልቨር ናይትሬት ውስጥ 3 ደቂቃ ይቆያል። ሲወጣ ወተት የመሰለ ስስ ሽፋን ይዟል። ከዚህ በኋላ ከቀይ መብራት ውጭ ብርሃን ማየት የለበትም። መያዣው ውስጥ ከትቼ እየሮጥኩ እወጣለሁ፣ የሚነሳው ሰው ከተቀመጠበት እንዳይነቃነቅ እየለመንኩ። አንስቼ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። የብረት ሰልፌቱን ዴቨሎፐር (ምስሉን የሚያወጣውን ፈሳሽ) በአንድ ማዕበል ዘርጋ አድርጌ አፈሳለሁ፣ 15 ሰከንድ ገደማ፣ ከዚያ ውሃ።

እዚህ ድረስ የሚታየው ሰማያዊ ጭጋግ የመሰለ ኔጋቲቭ ነው። ነጠላዋ ጥቁር፣ ፊቷ ነጭ፣ ሰው አይመስልም። ሃይፖ (ምስሉን የሚያጸናው ፈሳሽ) ውስጥ ሲገባ ነው ጉዱ። ጭጋጉ ከጥጉ ጀምሮ ይገፈፋል፣ በሥሩ ጥቁሩ ብረት ይወጣል፣ ጥቁሩ በወጣበት ቦታ ሁሉ ጥላ ይሆናል። ብሩ የቀረበት ነጭ ይሆናል። መጀመሪያ ልብሷ፣ ቀጥሎ ፀጉሯ፣ መጨረሻ ላይ ዓይኗ ያይሻል። 200 ጊዜ ሠርቼዋለሁ፣ ዛሬም ትንፋሼን ይዤ ነው የማየው።

ውሃን በተመለከተ፣ ለሲልቨሩ የቧንቧ ውሃ እንዳይነካሽ። ክሎሪኑ ከብሩ ጋር ነጭ ደመና ይሠራል። ለባትሪ የሚሸጠውን ዲስቲልድ ውሃ ግዢ፣ አሲዱን አይደለም፣ ዲስቲልዱን! ለማጠቢያ የቧንቧው ይበቃል፣ እሱም ቢሆን በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ በርሜል ያስፈልግሻል።

እጅሽም ይጠቁራል። ሲልቨሩ የነካው ቆዳ ብርሃን ሲያይ ቡናማ፣ ቀጥሎ ጥቁር ይሆንና በሳሙና አይለቅም። ሰፈር ውስጥ «የወንድ እንሶስላ» ነው የሚሉኝ።

---

ኬሚስቷ_ከስድስት_ኪሎ • ሰኞ ማታ 1፡50

ቆዳው ይሁን፣ ዓይን ግን! ሲልቨር ናይትሬት ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል። መነጽር ሳታደርጉ ገንዳውን እንዳትከፍቱ። ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብህ ልጅ፣ የእንሶስላ ቀልድህን አቆየው።

ሁለተኛ፣ ኮሎዲዮን ውስጥ ኤተር አለ። ኤተር በባሕር ጠለል ላይ እንኳን በ35 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ እዚህ ከዚያም ቀድሞ ነው የሚፈላው። ጠርሙሱን ስትከፍት «እፍፍ» የሚለው ለዚህ ነው። ትነቱ ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይሄድም፣ መሬት ለመሬት ይሳባል። እሳት ያለበት ከደረሰ ተከትሎት ወደ አንተ ይመለሳል።

ይህን የምለው ስለማውቅ ነው። ባለፈው ይህ ልጅ ጋ ሄጄ እሱ የማገዶ ቤቱ በር ላይ ኮሎዲዮን ሲያፈስ እናቱ ከሦስት እርምጃ በታች ከሰል እያራገቡ ነበር፣ ለኔ ቡና ሊያፈሉልኝ። እንዴት እንደጮኽኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እናቱ «ቡና አልጠጣም ማለት ይቻል ነበር እኮ» አሉኝ።

ሦስተኛ፣ ድሮ በሃይፖ ፈንታ ፖታሲየም ሳያናይድ ይጠቀሙ ነበር፣ ዛሬም የሚጠቀሙ አሉ፣ ምስሉ ያምራል ይላሉ። ዴቨሎፐሩ ውስጥ አሲድ አለ። አሲድና ሳያናይድ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። ግቢ ውስጥ፣ ልጅ በሚሮጥበት፣ ዶሮ በሚዞርበት ቦታ፣ በፍጹም። ሃይፖ ይበቃል። የተጠቀማችሁበትን ሲልቨርም ቦይ ውስጥ አትድፉ። ጨው ጨምሩበት፣ ነጩ ከታች ይረጋል፣ እሱን ሰብስቡ።

---

ቆጣቢው • ሰኞ ማታ 2፡22

እስቲ በግልጽ እንነጋገር። ኤተር፣ ሳያናይድ፣ የሚያሳውር ብር፣ የተቃጠለ እጅ፣ የሴት አያት ቅሬታ። ይህ ሁሉ ለአንድ ፎቶ? ኮፒ የሌለው፣ እንደ መስታወት ግራና ቀኙ ተገልብጦ የሚወጣ፣ ንቅሳት የሚበላ ፎቶ? የሀብታም ጨዋታ ነው ብል ማን ይከራከረኛል።

---

ዝም_ብሎ_አንባቢ • ሰኞ ማታ 2፡40

እኔ አልከራከርህም። ግን ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ሰፈሬን በስልክ አንስቼ ነበር፣ በር በበር፣ ከ600 በላይ ፎቶ። ስልኬ ታክሲ ውስጥ ተወሰደ። ሌላ ቦታ አላስቀመጥኩትም፣ ነገ ነገ ስል። አሁን ያለኝ ለአንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም የላክሁት አንድ ፎቶ ነው፣ እሱም የድመት።

---

ፒያሳ_ጨለማ_ክፍል • ሰኞ ማታ 2፡58

@ቆጣቢው የሀብታም አይደለም፣ የእብድ በለው ይሻላል። የካሜራው እንጨት አሮጌ ቁም ሳጥን ነበር። ሲልቨሩ ነው የሚያደኸየኝ፣ እሱም ገንዳው ውስጥ እየተሞላ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ድሮ እንዲያውም የድሃ ፎቶ ነበር። ቀድሞ የሚሠራበት መስታወት ስለሚሰበርና ስለሚወደድ ብረቱ መጣ፣ ገበያ ላይ እየቆሙ ያነሱበት ነበር፣ ደንበኛው ቆሞ ጠብቆ ይዞት ይሄዳል። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወታደሩ ለቤተሰቡ በፖስታ ይልከው ነበር፣ ስለማይሰበር።

@ዝም_ብሎ በጣም አዝናለሁ። ያ ሰፈር ውስጥ እኔም የማውቃት ሻይ ቤት ነበረች።

---

ሰባራ_ባቡር • ማክሰኞ ጠዋት 3፡15

ታሪኩን ትንሽ ላክልበት፣ ምክንያቱም ከኛ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ።

ኮሎዲዮንን ለፎቶ ያዋለው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር ነው፣ ዘዴውን በ1851 አሳተመው። ፓተንት አላወጣበትም፣ ድሃ ሆኖ ሞተ። ብረት ላይ መሥራቱን ፈረንሳዊው አዶልፍ አሌክሳንድር ማርታን በ1853 ገለጸው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሃሚልተን ስሚዝ በ1856 ፓተንት አወጣበት።

የኛው ነገር፦ በ1868 ከመቅደላ በኋላ ልጅ ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ሲወሰድ ዋይት ደሴት ላይ ፎቶ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንስታዋለች። 7 ዓመቱ ነበር። እሷ የሠራችው ብረት ላይ አይደለም፣ መስታወት ላይ በኮሎዲዮን ኔጋቲቭ ነው፤ የኬሚካሉ ዓይን ግን ያው ይህ ልጅ ማገዶ ቤት ውስጥ የሚያፈሰው ነው። ያን ፎቶ ሁላችንም አይተነዋል። ያ የጠቆረ ፊት፣ ያ ጨለማ ውስጥ የገባ ጉንጭ፣ እኔ ሁሌ ሐዘኑ ነው ብዬ ነበር የማየው። አሁን ኬሚስቷ የጻፈችውን ሳነብ ግማሹ ሐዘን ግማሹ አዮዳይድ ሊሆን ነው ማለት ነው። ትንሽ ተናደድኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ልጁ በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞቶ ዊንዘር ተቀበረ፣ ቀይ ይሁን ጠይም በዓይኔ ያየሁት ይመስለኝ ነበር።

---

ጋሽ_ማኅደር • ማክሰኞ ጠዋት 3፡50

ሐዘኑን አትቀንስበት። እናቱ በመንገድ ላይ የሞተችበት ልጅ ነው። ኬሚካሉ ያጠቆረው ቆዳውን ነው፣ ዓይኑን ማንም አልነካበትም።

---

ሰባራ_ባቡር • ማክሰኞ ጠዋት 3፡58

እሺ ጋሼ። ልክ ነዎት።

---

ሚጣ_ሌንስ • ማክሰኞ ቀን 8፡05

ወደ እማማ እንመለስ። ፕሌቱን ስካን አድርገህ ንቅሳቱን ኮምፒውተር ላይ ብትስልላቸውስ? የተገለበጠውንም እዚያው ታስተካክለዋለህ።

---

ፒያሳ_ጨለማ_ክፍል • ማክሰኞ ቀን 8፡40

ስካን አድርጌ ኢንስታግራም ላይ ስለቅ የፊደል ጽሑፍ ካለበት እገለብጠዋለሁ፣ አልዋሽም። የላዳውንም ታርጋ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ግን ንቅሳት መሳል ሌላ ነው። አያቴ ኮምፒውተር አታይም። የምትይዘው ብረቱን ነው። ብረቱ ላይ ከሌለ የለም።

ማታ ይህን ክር አነበብኩላት፣ የጋሽ ማኅደርንም የኬሚስቷንም። ስለ ማዲያቱ ያለውን ዘልዬ ላልፍ ስል «አንብበው፣ ሰምቼዋለሁ» አለችኝ። ዝም ብላ አዳመጠችና «ታዲያ ሰማያዊውን ነጭ ያደርጋል ካላችሁ ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ ያያል?» አለች። ያያል አልኳት። «እንግዲያስ ኩል አምጡ» አለች።

---

ኬሚስቷ_ከስድስት_ኪሎ • ማክሰኞ ቀን 9፡02

እማማ ሁላችንንም በለጡን!

ይሠራል፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ቆዳው ራሱ ጠቁሮ ከወጣ ጥቁር በጥቁር ላይ ይሆናል። ቆዳውን ማፍካት አለብህ፣ ማለት ቆቡን ረዘም ላለ ጊዜ መክፈት። ቀጥታ ፀሐይ ተው፤ ጥላ ውስጥ ሆኖ ሰማይ ፊት ለፊት የሚታይበት ቦታ አስቀምጣቸው፣ የጥላ ብርሃን ሰማያዊ ይበዛዋል፣ ለስላሳም ነው። ከ10 ሰከንድ በላይ ሊሆን ነው፣ ስለዚህ ከጭንቅላታቸው ኋላ የሚደግፍ ነገር ያስፈልጋል። የድሮዎቹም የብረት መደገፊያ ነበራቸው። ችግሩ ነጭ ልብሱ ነው፣ ያን ያህል ከቆየ ይቃጠላል፣ ማለት ድፍን ነጭ ይሆናል። ሌላ ያልብሷቸው። ሰዓቱን ደግሞ ጠዋት 4 ሰዓት አካባቢ አድርገው፣ ወደ ማታ አልትራቫዮሌቱ ይደክማል።

---

ቆጣቢው • ማክሰኞ ቀን 9፡15

ኩል መቀባት ከኮምፒውተሩ በምን ይሻላል? ያም ማታለል ይህም ማታለል።

---

ጋሽ_ማኅደር • ማክሰኞ ቀን 9፡33

አይደለም ልጄ። ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲመጣ ይታጠባል፣ ይላጫል፣ ይቀባል፣ የጎረቤት ኮት ይዋሳል። እኔ ቤት አንድ ኮት ነበረ፣ ግማሽ ፒያሳ ለብሶት ተነስቷል። ያ ማታለል አይደለም። ባለቤቱ ሲያደርገው ማማር ነው፣ እኔ ከኋላ ስጨምርበት ነው የኔ ጣት የሚሆነው። እኔም ብዙ ጨምሬያለሁ፣ አልደብቅም።

---

ፒያሳ_ጨለማ_ክፍል • ቅዳሜ ማታ 1፡20

ተመለስኩ። ሦስት ፕሌት ሠራን።

ልብሱ ላይ ጦርነት ነበር። ነጭ ካልሆነ አልነሳም አለች። በመጨረሻ እናቴ ከሳጥን ሥር የድሮ ጋቢ አወጣች፣ በዕድሜ ብዛት ቢጫ የሆነ። በዓይን ነጭ ነው ማለት ይቻላል፣ ፕሌቱ ግን ቢጫን ስለማያይ ግራጫ አድርጎ ያየዋል። ሁለቱም ወገን ተስማማ።

ኩሉን የቀባቻት እህቴ ናት፣ በክብሪት እንጨት ጫፍ። አያቴ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ እየነካች መንገዱን ታሳያታለች፣ «እዚህ ጋ ይታጠፋል፣ እዚህ ጋ ሦስት ነጥብ አለ»። ነጥቦቹን እኛ አናውቃቸውም ነበር። ደብዝዘው ጠፍተዋል። እሷ በመንካት ታውቃቸዋለች ወይስ በማስታወስ፣ አልጠየቅኳትም።

ወንበሩን በረንዳው ጥላ ሥር፣ ፊቷን ወደ ሰማይ። ከኋላዋ የመጥረጊያ እንጨት ግድግዳው ላይ አስሬ ጭንቅላቷን አስደገፍኳት። ጸሎቱን በልብሽ ብያት ተስማማች።

የመጀመሪያው 9 ሰከንድ፣ አሁንም ጠቆረ። ሁለተኛው ኮሎዲዮኑ ጥጉ ላይ ሳይደርስ ቀረና ትከሻዋ ላይ ጥቁር ቁስል የመሰለ ነገር አለው። ሦስተኛውን 14 ሰከንድ ቆጠርኩ። ሃይፖ ውስጥ ሳስገባው እህቴ በላዳው መብራት አጠገቤ ቆማለች። ጋቢው ወጣ። ግንባሯ ወጣ። መስቀሉ ወጣ፣ ከዚያ አንገቷ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እህቴ ክንዴን ይዛ እየጮኸች ሃይፖውን ልታስደፋኝ ነበር።

ማዲያቱ እንዳለ ነው። ጥላው ትንሽ አለዘበው እንጂ አልጠፋም።

ታጥቦ ሲደርቅ ይዤላት ሄድኩ። ለብርሃን ዘንበል ቀና እያደረገች አየችው። ሦስቱ ነጥቦች በግራ በኩል ነበሩ፣ ፕሌቱ ላይ በቀኝ ናቸው፣ እሱን ላስረዳት አፌን ስከፍት «ይሄማ መስታወት ውስጥ የማያት ናት» አለችኝ። «ያ የመታወቂያው ፎቶ ነው ሌላ ሰው የሚመስለው።»

---

ላዳ_ሰማያዊ • ቅዳሜ ማታ 1፡29

ስካኑን እንዳትገለብጠው!

---

ፒያሳ_ጨለማ_ክፍል • ቅዳሜ ማታ 1፡31

አልገለብጠውም።

---

ቆጣቢው • ቅዳሜ ማታ 1፡55

እናቴም ንቅሳት አላት። አንገቷ ላይ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቦታ አለህ?

---

ፒያሳ_ጨለማ_ክፍል • ቅዳሜ ማታ 2፡03

አለ። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ድረሱ፣ ደመና ከሆነ እደውላለሁ። በጣም ነጭ ልብስ እንዳያደርጉ ንገራቸው። ኩል ከቤታቸው ይዘው ይምጡ፣ የእህቴ አልቋል። ቡናው ኬሚካሉ ከተከደነ በኋላ ነው፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ።